ስለ ፎቶግራፍ ማንሣት ትምህርትና ስለ መጀመሪያው ካሜራ አመራረጥ

በአንድ ቤት ሐዘን በደረሰ ጊዜ ቤተ ዘመድ ከሚቸገርባቸው ነገሮች አንዱ የሟቹን ፎቶግራፍ ማግኘት ነው። ሣጥኑ ይከፈታል፤ መሳቢያው ይፈተሻል፤ የየልጁ የእጅ ስልክ ይታያል። በመጨረሻም በመታወቂያ ላይ የነበረችው ጉርድ ፎቶግራፍ ወደ ማተሚያ ቤት ትላካለች፤ እንደ ጥፍር ያነሰችው መልክ በግድ ተለጥጣ በትልቅ ክፈፍ ውስጥ ትገባለች። ሰማንያ ዓመት የኖሩ እናት ለልጅ ልጆቻቸው የሚተርፈው መልካቸው ይኸው ብቻ ይሆናል።

በስልኮቹ ውስጥ ፎቶግራፍ ጠፍቶ አይደለም፤ በሺህ የሚቈጠር ሞልቷል። ነገር ግን እናቲቱ ወይ ከዳር ቆመዋል፤ ወይ ነጠላቸው በርቶ ፊታቸው ጠቁሯል፤ ወይ ቡና ሲቀዱ ተንቀሳቅሰው መልካቸው ደብዝዟል። ይህ እንዳይደርስባቸው የሚያስቡ ወላጆች «ደኅና ካሜራ ልንገዛ ነው፤ የትኛው ይሻላል?» እያሉ ደጋግመው ይጠይቁናል። ጥያቄው መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ከመጨረሻው የሚጀምር ጥያቄ ነው። እኛ አስቀድመን ገንዘብ ስለማያስወጣው ስለ ብርሃን፣ አስከትለን ስለ ሌንሱ፣ በመጨረሻም ስለ ካሜራው አካል ብንናገር ይሻላል ብለናል።

ካሜራ የሚለው ቃል በላቲን ክፍል ወይም እልፍኝ ማለት ነው። ፎቶግራፍም ከግሪክ ቋንቋ የተገኘ ሲሆን ትርጓሜው የብርሃን ጽሕፈት ነው። መስኮቱ ሁሉ በተዘጋ ጨለማ ቤት፣ በመዝጊያው ላይ አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ብትኖር፣ በውጭ የሚያልፈው ሰውና በቅሎ በፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ ተዘቅዝቆ ይታያል። የካሜራ ጥበብ ሁሉ ይህን በግድግዳ ላይ የሚያልፍ ጥላ ይዞ ማስቀረት ነው። ፈረንሳዊው ዳጌር ብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ያስቀረበት ብልሃት በ1839 ለዓለም ተገለጸ፤ በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። በ1888 አሜሪካዊው ጆርጅ ኢስትማን ማንም ሰው ሊይዘው የሚችለውን የኮዳክ ካሜራ ለገበያ አቀረበ። በአገራችንም አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጃን ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ አገልግሏል፤ ልጆቹም ሙያውን ወርሰዋል። በ1975 በኮዳክ ድርጅት ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን ያለ ፊልም የሚሠራ ዲጂታል ካሜራ ሠራ፤ አንዱን ሥዕል በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። መሣሪያው ይህን ያህል ቢለዋወጥም ጨለማው ክፍልና ቀዳዳው ዛሬም በቦታቸው ናቸው።

ወደዚያ ክፍል የሚገባውን ብርሃን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም የቀዳዳው ስፋትና መዝጊያው ተከፍቶ የሚቈይበት ጊዜ ናቸው። ሦስተኛው ብርሃኑን የሚቀበለው ሰሌዳ ንቃት ነው። ቀዳዳው እንደ ዓይናችን ብሌን ይሰፋል፣ ይጠብባል። ስፋቱ ኤፍ 1.8፣ ኤፍ 2.8፣ ኤፍ 4፣ ኤፍ 5.6፣ ኤፍ 8 እየተባለ ይነገራል። ጀማሪውን ግራ የሚያጋባው ቍጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው መስፋቱ ነው፤ ይሁን እንጂ ነገሩ ክፍልፋይ ስለ ሆነ ነው። የእንጀራ አንድ ስምንተኛ ከአንድ ሁለተኛው እንደሚያንስ ያለ ነው። ከ2.8 ወደ 4፣ ከ4 ወደ 5.6 በተሄደ ቍጥር ብርሃኑ በእኵሌታ ይቀንሳል። ደግሞም ቀዳዳው ሲሰፋ በሰውየው በስተ ኋላ ያለው ዕቃ ደብዝዞ ፊቱ ብቻ ጠርቶ ይወጣል፤ ሲጠብ ግን ከቅርቡ እስከ ሩቁ ሁሉም ይጠራል።

የመዝጊያው ጊዜ በሰከንድ ክፍልፋይ ይቈጠራል። ተቀምጦ የሚጫወት ሰው በ1/125 ሰከንድ ይያዛል፤ የሚሮጥ ሕፃን 1/500 ይፈልጋል። ንቃቱ አይ ኤስ ኦ ይባላል፤ 100 ለፀሐይ ሲሆን 1600ና 3200 ለቤት ውስጥ ነው። ቍጥሩ ከፍ ሲል በሥዕሉ ላይ እንደ ጤፍ የተበተነ ነጠብጣብ ይመጣል። አንዳንድ ባለሙያዎች ይህን ነጠብጣብ እንደ ታላቅ ነውር ይቈጥሩታል። እኛ ግን ነጠብጣብ ያለበት ጥርት ያለ ፊት፣ ነጠብጣብ ከሌለበት ድብዝዝ ፊት እጅግ ይበልጣል እንላለን።

ምሳሌ እንውሰድ። አያት ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ቡና ይቀዳሉ። በአይ ኤስ ኦ 1600፣ በኤፍ 2፣ በ1/125 ሰከንድ ፊታቸውም እጃቸውም ጠርቶ ይያዛል እንበል። ሌንሱ ከኤፍ 5.6 በላይ የማይሰፋ ቢሆን ግን ያው ብርሃን 1/15 ሰከንድ ይጠይቃል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ የአያት እጅ ይንቀሳቀሳል፤ ሥዕሉም ይበላሻል። ይህን ስሌት አንባቢዎቻችን ልብ ይበሉልን፤ በኋላ ገበያ ስንወጣ ያስፈልገናል።

አሁን የአገራችንን ሰው የሚያነሣ ሁሉ ሊያውቀው ወደሚገባው ነገር ደርሰናል። በካሜራው ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ በመሠረቱ የሚያየውን ነገር ሁሉ በነጭና በጥቁር መካከል ያለ አመድማ አድርጎ ለማውጣት የተሠራ ነው። ነጭ ቀሚስና ነጭ ነጠላ የለበሱ እናት በፊቱ ሲቆሙ መለኪያው «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል። በዚህም ነጠላው አመድማ ይሆናል፤ ጠይሙ ፊት ደግሞ የበለጠ ይጠቁራል፤ ዓይናቸውም አይለይም። ጥቁር ካባ የለበሱ ካህን ሲቆሙ ነገሩ ይገለበጣል፤ ካባው ገርጥቶ ፊታቸው ይነጣል። በጥምቀት ዕለት የተነሡ ሥዕሎችን የተመለከተ ሰው ሁለቱንም ያገኛል። አዲሶቹ ካሜራዎች ፊትን ለይተው ስለሚያውቁ ስሕተቱ ቀንሷል፤ ፈጽሞ ግን አልጠፋም።

መድኀኒቱ ቀላል ነው። በካሜራው ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ቍልፍ አለ። ለነጭ ልብስ ወደ መደመር ወስዶ 1 ላይ ማድረግ ብርሃኑን እጥፍ ያደርገዋል፤ ለጥቁር ካባ ወደ መቀነስ ነው። ከዚያ በኋላ የነጠላው ጥለት በብርሃን ብዛት እንዳይጠፋ ማየትና ጥቂት መመለስ ይገባል። በስልክ የሚያነሡም ፊቱን በጣት ነክተው የምትወጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ ቢስቡ ይኸው ሥራ ይሠራላቸዋል፤ ስለዚህ ካሜራ እስኪገዛ ድረስ ትምህርቱ በስልክ ሊጀመር ይችላል። በነገራችን ላይ፣ በፊልም ዘመን የፎቶግራፍ ማጠቢያ ቤቶች ቀለማቸውን ያስተካክሉ የነበረው «ሸርሊ» በሚባል የነጭ ሴት መልክ ባለበት ካርድ ነበር። የቀድሞ ሥዕሎቻችን በጣም ከጠቈሩ ምክንያቱ የአንሺው ስንፍና ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

የቀኑም ሰዓት ዋጋ አለው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የቀትር ፀሐይ ከአናት ላይ ትወርዳለች፤ ከቅንድብ በታች ያለው ሁሉ ጥላ ይሆናል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ከቀኑም ከ10 ሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን ግን ከጐን ስለሚመጣ ለፊት የተመቸ ነው። በቀትር ማንሣት ግድ ከሆነ ሰውየውን ከደጃፉ ወደ ውስጥ አንድ ክንድ አስገብቶ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ማስቀመጥ ነው። ከዚህ የሚሻል የፎቶግራፍ ቤት ያለ አይመስለንም፤ ኪራይም የለውም።

ወደ ግዢው እንመለስ። ሻጭ አስቀድሞ የሚያወራው ስለ ሚሊዮን ነጥቦች ብዛት ነው። ፎቶግራፍ በ20 በ30 ሳንቲ ሜትር ወረቀት ላይ በጥራት ለማተም ግን ከ8 እስከ 9 ሚሊዮን ነጥብ ይበቃል፤ ከዐሥር ዓመት በፊት የወጡት ብዙዎቹ ካሜራዎች 24 ሚሊዮን አላቸው። ስለዚህ በዚህ በኩል መጨነቅ አያስፈልግም። ከስልክ የሚለያቸው ብርሃን የሚቀበለው ሰሌዳ ስፋት ነው። ሙሉ የሚባለው 36 በ24 ሚሊ ሜትር ሲሆን መካከለኛው ወደ 23 በ15 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ለቤተ ሰብ መካከለኛው ይበቃል።

ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው ሌንስ ብዙ ጊዜ ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር የሚዘረጋ ነው፤ ሲያቀርብ ቀዳዳው ኤፍ 5.6 ላይ ይቆማል። የአያትን ቡና እናስታውስ። 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 የሚባለው ትንሽ ሌንስ ከዚያ ዐሥር እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል፤ ከሌንሶችም ሁሉ በዋጋ ከረከሱት አንዱ ነው። ካኖን በ2015 ያወጣው 160 ግራም ብቻ ይመዝናል። በመካከለኛ ሰሌዳ ላይ 50 ሚሊ ሜትሩ ጥቂት ስለሚያቀርብ ጠባብ ቤት ላላቸው 35 ሚሊ ሜትሩ ይሻላል፤ ኒኮን በ2009 ያወጣው 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ለዚሁ የተሠራ ነው። አዲስ ካሜራ ከደካማ ሌንስ ጋር ከመግዛት አሮጌ ካሜራ ከብሩህ ሌንስ ጋር መግዛት ይበልጣል የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

ካሜራዎች ዛሬ ሁለት ወገን ናቸው፤ በውስጣቸው መስተዋት ያላቸውና የሌላቸው። መስተዋት የሌለው ሥዕሉ ሳይነሣ ጥቁረቱንና ንጣቱን በማያው ላይ አስቀድሞ ያሳያል፤ ለነጭ ነጠላው ችግር ይህ ታላቅ እርዳታ ነው፤ ዋጋው ግን ይከብዳል፤ ባትሪም ቶሎ ይጨርሳል። ካኖንና ኒኮን አዲስ ሥራቸውን ወደዚህ ስላዞሩ መስተዋት ያላቸው ያገለገሉ ካሜራዎች ረክሰዋል። እኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ቤት እንደ ኒኮን ዲ7200 (2015) ወይም እንደ ካኖን 80ዲ (2016) ያለውን እንመርጣለን። ብዙ ቤተ ሰቦች በአሜሪካ ወይም በዱባይ ባለ ዘመድ በኩል ስለሚያስመጡ ለዘመድ የሚላከው ቃል ግልጽ ይሁን፤ «ካሜራ ላክልን» ከማለት የካሜራውንና የሌንሱን ስም ጽፎ መላክ ነው።

ያገለገለ ካሜራ ሲገዛ መዝጊያው ስንት ጊዜ እንደ ተከፈተ መጠየቅ ይገባል፤ የዲ7200 መዝጊያ ለ150,000 ጊዜ የተፈተነ ነው። ሌንሱን በባትሪ መብራት ወደ ውስጡ አብርቶ ማየትም ያስፈልጋል፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ከታየ ሻጋታ ነውና አይገዛ። አንድ ትርፍ ባትሪና ከአንድ ትልቅ ይልቅ ሁለት ትንንሽ የማስታወሻ ካርድ መያዝ ብልህነት ነው።

ካሜራው ከተገኘ በኋላ አንድ ወር ሙሉ በዚያች በአንዲቱ ሌንስ ብቻ፣ በአንድ መስኮት አጠገብ፣ አንድን ሰው በየቀኑ ማንሣት ከማናቸውም መጽሐፍ ይበልጥ ያስተምራል። ለአያትም ሆነ ለጎረቤት አስቀድሞ ማስፈቀድ ተገቢ ነው። በቅዳሴ ጊዜ ፍላሽ ማብራት የሚጸልየውን ሰው ይረብሻልና ይቅር፤ ብሩህ ሌንስ ያለው ሰው አያስፈልገውምም።

የተነሣው በአንድ ስልክ ወይም በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ አይቀመጥ፤ በሁለት ቦታ ይገልበጥ። ከየወሩ ሦስት አራቱ ተመርጠው በወረቀት ይታተሙ። በጀርባውም የሰውየው ስም ከነአባቱ፣ የክርስትና ስሙ፣ ቦታውና ዓመተ ምሕረቱ በለስላሳ እርሳስ ይጻፍ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ከጊዜ በኋላ ወደ ፊተኛው ገጽ ይዘልቃልና።