የሚቀረው ኩላሊት

በወረታ አቅራቢያ ያለችው ቁሐር ሚካኤል የፎገራ ሜዳ የሩዝ አገር ናት። ክረምት ላይ የርብና የጉማራ ወንዞች ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ በበጋ ደግሞ ገበሬው በውኃ መሳቢያ ሞተር ሽንኩርቱን ያጠጣል። ከዚያ አንድ የ55 ዓመት ገበሬ ሽንቱ ደም ቀላቅሎበት ባሕር ዳር ሄደ እንበል። ሲቲ ስካን ሲነሣ ግራ ኩላሊቱ ላይ ዕጢ ተገኘ፤ ሐኪሙም ኩላሊቱ መውጣት አለበት አለ። ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚጠይቀው “በአንድ ኩላሊት ሰው ይኖራል ወይ?” ብሎ ነው። ይኖራል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የሚቀረው ኩላሊት ምን ያህል ሥራ ይሸከማል የሚለው ነው። ይህን ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው በፊት መገመት ይቻላል።

ከሁለት የውኃ ሞተር አንዱ ቢነሣ ውኃው በግማሽ ይቀንሳል። ኩላሊት ግን እንደዚያ አይደለም። በእያንዳንዱ ኩላሊት 1 ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ፤ ሁለቱ ተባብረው በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራሉ፣ አብዛኛውንም ለደም ይመልሳሉ። የጠፋ ማጣሪያ ዳግም አይበቅልም። የቀሩት ግን ይፋፋሉ፣ ሥራም ይጨምራሉ። አንድ ጎን ብቻውን ሲቀር አቅሙ በሩብ ገደማ ከፍ ይላል።

ስሌቱ ከዚህ ይነሣል። የገበሬያችን የማጣራት አቅም በደቂቃ 80 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከዚህ ውስጥ ጤነኛው ቀኝ ኩላሊት 60 በመቶውን ይሠራል እንበል። የቀኙ ድርሻ 48 ነው፤ ሩቡ ሲጨመርበት 60 ይሆናል። የየጎኑን ድርሻ ለዕጢው ከተነሣው ሲቲ ስካን፣ የጤነኛውን ሥጋ መጠን በመለካት መገመት ይቻላል። ዕጢውን ብቻ ቆርጦ ቀሪውን ማትረፍ ከተቻለ ግን ከ80ው 70 ያህሉ ይተርፋል። በኒውዮርክ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የ662 ሕሙማን ጥናት ልዩነቱን አጉልቶ አሳይቷል፦ ከ3 ዓመት በኋላ አቅማቸው ከ60 በታች ያልወረደው ዕጢው ብቻ ከወጣላቸው 80 በመቶ፣ ኩላሊቱ በሙሉ ከወጣላቸው ግን 35 በመቶ ነበሩ።

የኛ ሰው ላይ ሲደርስ ስሌቱ የሚሳሳትበት ቦታ አለ፤ እሱም መነሻው 80 ራሱ ነው። ይህ ቁጥር በቀመር የሚሰላው በደም ውስጥ ካለው ክሬያቲኒን ነው፤ ክሬያቲኒን ደግሞ ከጡንቻ የሚመነጭ ቆሻሻ ነው። ከሲታ፣ ጡንቻው የሳሳ ሰው ኩላሊቱ ቢደክምም ክሬያቲኒኑ ዝቅ ብሎ ጤነኛ ይመስላል። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ቀመር ለጥቁር ሰው ውጤቱን በ1.159 ያባዛ ነበር። 60 የሆነው 70 ሊባል ይችል ነበር ማለት ነው። በ2021 ማባዣው ተሰርዟል፤ ስለዚህ የትኛው ቀመር እንደተሠራበት ሐኪሙን መጠየቅ ነውር የለውም። ሲስታቲን ሲ የሚባለው ሌላው የደም ምርመራ በሚገኝበት ቦታ ጥሩ ነው፤ በጡንቻ ብዛት ብዙም አይታለልም።

ከዕድሜና ከመነሻው አቅም ሌላ ግምቱን የሚያከብዱት ስኳር፣ ደም ግፊትና በሽንት የሚወጣ ፕሮቲን ናቸው። ፕሮቲኑን ሽንት ውስጥ የምትነከር ቀጭን ወረቀት ታሳያለች፣ ግፊቱም በየጤና ጣቢያው ይለካል። ለዚህ ማንም ሰው ባሕር ዳር ድረስ መመላለስ የለበትም። በቀዶ ሕክምና ብቻ የቀነሰ አቅም ብዙ ጊዜ ባለበት ይረጋል፤ በስኳር ወይም በግፊት የተጎዳ ኩላሊት ግን ቁልቁል መሄዱን ይቀጥላል። ከ45 በታች የቀረለት ሰው የቅርብ ክትትል ያስፈልገዋል።

ገበሬያችን ወደ ሩዙ ሲመለስ፣ በአጨዳ ወቅት ወገቡን ሲያመው ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ገዝቶ እንዳይውጥ አደራ እላለሁ፤ በተለይ ፀሐይ ላይ ውሎ ውኃ በጠማው ቀን። ከቀዶ ሕክምናው በፊትና ከ3 ወር በኋላ የተመረመረበትን የክሬያቲኒን ወረቀትም ቤቱ ያስቀምጥ፤ ከዓመት በኋላ ወረታ ላይ የሚያየው ባለሙያ አዲሱን ውጤት የሚያስተያየው ከእነዚያ ሁለት ቁጥሮች ጋር ነው።