ሣጥኑ ሰበብ ነው፦ ጂኦካቺንግ በገጠር መንገድ

ጂኦካቺንግ የአዋቂዎች ድብብቆሽ ነው ቢባል ያስኬዳል፤ የሚደበቀው ግን ሰው ሳይሆን ሣጥን ነው። አንዱ ውኃ የማያስገባ ዕቃ ይመርጥና ትንሽ ደብተር ጨምሮበት ከዛፍ ሥር ወይም ከድንጋይ ክምር መካከል ያስቀምጠዋል። የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ በጂፒኤስ ለክቶ ኢንተርኔት ላይ ያወጣል። ሌላው ቁጥሩን ስልኩ ላይ ይዞ ይፈልጋል። ሲያገኝ ደብተሩ ላይ ስሙንና ቀኑን ይጽፋል። ከውስጥ አንዳች ነገር ከወሰደ በምትኩ ተመጣጣኙን ይተዋል፤ ሣጥኑንም እንደነበረ መልሶ ይደብቃል።

የጨዋታው መነሻ አንድ የመንግሥት ውሳኔ ነው። የአሜሪካ ጦር ለሲቪሎች የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ያዛባ ስለነበር መሣሪያው እስከ 100 ሜትር ይስት ነበር። በፕሬዚዳንት ክሊንተን ትእዛዝ ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2000 ቀረ፤ ስሕተቱም ወደ 20 ሜትርና ከዚያ በታች ወረደ። በማግስቱ ዴቭ አልመር የተባለ ሰው በኦሪገን ግዛት፣ ቢቨርክሪክ አቅራቢያ አንድ ባልዲ ደበቀ። ደብተርና እርሳስ፣ መጻሕፍት፣ የታሸገ ባቄላም ሳይቀር ነበረበት። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከ3 ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያሉ ሥውር ሣጥኖች አሉ። እስከ አሁን ከሚፈለጉት ሁሉ ቀዳሚው በካንሳስ ግዛት፣ ሚንጎ በምትባል መንደር አጠገብ ሜይ 11 ቀን 2000 የተቀመጠው ነው።

የካንሳስ ገጠር ለዚህ ጨዋታ የተመቸ ነው። ቀድሞ የካንሳ፣ የኦሴጅ፣ የፖኒና የሌሎች ነባር ሕዝቦች የነበረው ምድር በ19ኛው መቶ ዓመት አንድ ማይል በአንድ ማይል እየሆነ ተሸነሸነ፤ አብዛኛው የገጠር ኮረኮንችም ይህንኑ ወሰን ተከትሎ ወጣ። የ1862ቱ የሆምስቴድ ሕግ 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ገደማ፣ ተቀብሎ አምስት ዓመት ለኖረበትና ላለማው ሰፋሪ መሬቱን ሰጠው። ሕፃናት በእግር የሚደርሱባቸው ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤቶች፣ ትናንሽ አብያተ ክርስቲያናትና መቃብሮች በየአካባቢው ተሠሩ። ኋላ በትራክተር ጥቂት ገበሬ ብዙ መሬት ማረስ ሲችል ሕዝቡ ተመናመነ፤ ትምህርት ቤቶቹም እየተጣመሩ ተዘጉ። በብዙ ቦታ የቀረው የመሠረት ድንጋይ ወይም የታጠረ መቃብር ብቻ ነው። በአውራ ጎዳናው የሚከንፍ መንገደኛ ይህን አያይም፤ ሣጥን ፈላጊው ግን ከመኪናው ወርዶ በእግሩ ይሄዳል።

እያንዳንዱ ሣጥን የራሱ መግለጫ ስላለው ደባቂው የቦታውን ታሪክ ሊጽፍበት ይችላል፦ ቤተ ክርስቲያኑን እነማን እንደሠሩት፣ አያቱ ወንዝ ተሻግራ እንዴት ትማር እንደነበር። ያገኘው ሰውም የበኩሉን ይጨምራል፤ አባቱ እዚያው የተማረ ከሆነ መምህሩ ማን እንደነበሩ ይነግራል። የቤተሰብ ወሬ እንዲህ እየተጠራቀመ የአካባቢ መዝገብ ይሆናል። ታሪኩን ከፍለጋው ጋር ማያያዝም ይቻላል። ለምሳሌ በቤተ ክርስቲያኑ የማዕዘን ድንጋይ ላይ 1887 ተቀርጾ ከሆነ፣ ፈላጊው የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች ሣጥኑ ካለበት ቦታ የኬክሮስ ወይም የኬንትሮስ ቁጥር ውስጥ እንዲያስገባቸው ይደረጋል። ድንጋዩን ሳያነብ ወደ ሣጥኑ አይደርስም።

ደንቦቹ ጥቂት ናቸው። መሬት ቆፍሮ መቅበር ክልክል ነው። በሁለት ሣጥኖች መካከል ቢያንስ 161 ሜትር መኖር አለበት። የባለ መሬቱ ፈቃድ የግድ ነው። በመቃብር ሥፍራ መቃብሩን መርገጥም ሐውልቱን መነካካትም ነውር ነው፤ ስለዚህ ሣጥኑን ከአጥሩ ውጭ ማኖር ይሻላል። ፈላጊም ሰብል አይረግጥም፣ የከፈተውን የከብት በር ሳይዘጋ አይሄድም፤ ዝናብ በዘነበ ማግስትም ጭቃው መኪና እንደሚይዝ አይዘነጋም።

ሣጥን ለማኖር ያሰበ ሰው ሥራውን ከሽማግሌዎች ይጀምር። ትዝታ ዓመተ ምሕረትን ያምታታልና የሰማውን ከመቃብር ድንጋይና ከአካባቢው መዛግብት ጋር ያስተያየው። ከዚያ ፈቃዱን ይጠይቅ። ሣጥኑን መግዛት የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ቢጠፋም በሌላ ይተካል።