የጫነ አሮጌ ቫን ዳገት ላይ ለምን ይግላል?

በድርቅ ለተጎዳ ወይም በአዲስ ሥፍራ ለሚሠፍር ሕዝብ የሚላክ እርዳታ ከመጋዘን ወጥቶ ከተረካቢው እጅ እስኪገባ ያለው መንገድ በወረቀት ላይ ሲታይ አጭር ነው። የመጫኛ ትእዛዝ ይፈረማል፣ ሹፌሩ ሰነዱን ይረከባል፣ ተሽከርካሪው ይንቀሳቀሳል። ዋናውን እህል የሚያጓጉዙት ትልልቆቹ የጭነት መኪናዎች መሆናቸው የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ የክትባት ሣጥኑ፣ የሕፃናቱ አልሚ ምግብ፣ የዘር ከረጢቱና የውሃ ፓምፕ መለዋወጫው አብዛኛውን ጊዜ የሚጓዙት በትንንሽ የናፍጣ ቫኖች ነው። ከእነዚህም መካከል ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገሉት ጥቂቶች አይደሉም። በአዲስ አበባ፣ በልደታ ጌጃ ሰፈር ማለዳ ጭኖ የተነሣ እንዲህ ያለ ቫን ቀትር ላይ ከዓባይ በረሃ ዳገት መካከል ቆሞ፣ የፊት ወንበሩ ተነሥቶ፣ ከሥሩ እንፋሎት ሲትጎለጎል ቢታይ መንገደኛ ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ «ሙቀት ሠራ»። ጥፋቱም ወዲያው በሹፌሩ ላይ ይደፋል። ነገሩን ጠለቅ ብሎ ለተመለከተው ግን የሞተሩ መጋል ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዳገቱ ሳይሆን ከመጫኛ ትእዛዙ ነው።

የአገራችን የመሬት አቀማመጥ ለእርዳታ ማጓጓዣ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ረሃብ ጊዜ በሚገባ ታይቷል። በዚያን ጊዜ እህል የጫኑ መኪናዎች ከአሰብ ወደብ፣ ማለትም ከባሕር ጠርዝ ተነሥተው፣ የአፋርን ሜዳ በሙቀት አቋርጠው፣ በሚሌና በባቲ በኩል 1,800 ሜትር ከፍታ ወዳለው ወደ ኮምቦልቻ ይወጡ ነበር። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥቶ በመተከል፣ በወለጋ፣ በኢሉባቦር፣ በከፋና በጋምቤላ እንዲሠፍር ሲደረግ ሸለቆ ወርዶ ሸለቆ መውጣት የየዕለቱ ሥራ ነበር። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ተሻሽሏል፤ ዳገቱ ግን አልቀነሰም።

የሙቀቱ ምንጭ

አንድ የናፍጣ ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ከሚገኘው ሙቀት ጎማውን ለማሽከርከር የሚውለው አንድ ሦስተኛው ያህል ብቻ ነው። ሌላው አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከጭሱ ጋር ይወጣል። የቀረውን ተሸክሞ ወደ ራዲያተር የሚያደርሰውና ለነፋስ የሚያስረክበው ውሃው ነው። ስለዚህ ሞተሩ የሚሠራው ሥራ በጨመረ ቁጥር ራዲያተሩ ሊያስወግደው የሚገባው ሙቀትም በዚያው ልክ ይጨምራል።

ለምሳሌ ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን ያለውን ዳገት እንውሰድ። የከፍታው ልዩነት 1,400 ሜትር ያህል ነው። ባዶውን 1,600 ኪሎ ግራም የሚመዝን ቫን የተፈቀደለትን 10 ኩንታል ቢጭን ጠቅላላ ክብደቱ 2,600 ኪሎ ግራም ይሆናል። «መንገዱ አስፋልት ነው፣ ይችላል» ተብሎ 15 ኩንታል ቢጫንበት ክብደቱ 3,100 ይደርሳል። በዚህም ዳገቱን ለመውጣት የሚያስፈልገው ጉልበት ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ ይጨምራል፤ ከእርሱም ጋር ወደ ውሃው የሚገባው ሙቀት። ራዲያተሩ ግን ያው የድሮው ራዲያተር ነው። ያውም ከቧንቧዎቹ ከፊሎቹ በዝገትና በኖራ የተደፈኑ ሊሆኑ ይችላሉ። በፖርቶ መጋላው ላይ የተቆለለ ጭነት ደግሞ ነፋስ እየገፋ ተጨማሪ ነዳጅ ያስፈጃል።

በከፍታ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል

ውሃ በባሕር ጠረፍ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። ከፍታ በጨመረ በየ300 ሜትሩ የመፍያው መጠን ወደ አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ በሚለው በጌጃ ሰፈር ክዳን በሌለው ድስት የተጣደ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በጣርማ በር ደግሞ በ90 ዲግሪ ግድም። ባቄላ ለመቀቀል ጊዜ እንደሚፈጅ የደጋ ባልትና ያላት ሴት ሁሉ ታውቀዋለች።

እዚህ ላይ ነው የራዲያተሩ ክዳን ቁም ነገር የሚመጣው። ክዳኑ ውሃው እንዳይፈስ ብቻ የተሠራ መክደኛ አይደለም። በውስጡ ያለው ሞላ ውሃውን በግፊት ስለሚይዘው የመፍያ መጠኑን ከፍ ያደርገዋል። በብዙ የጃፓን ቫኖች ላይ የሚገኘው 0.9 የሚል ምልክት ያለበት ክዳን ደህና ከሆነ አዲስ አበባ ላይ ውሃው እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ሞላው ከደከመ ወይም ጎማው ደርቆ ከተሰነጠቀ ግን ያ ሁሉ ትርፍ ይጠፋል። ቴርሞስታቱ መከፈት የሚጀምረው በ82 ዲግሪ አካባቢ፣ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተውም በ95 ገደማ ነው። ይህም ማለት ክዳኑ የተበላሸበት ቫን በደጋው ላይ ሲሠራ ቴርሞስታቱ ገና በሙሉ ሳይከፈት ውሃው መፍላት ይጀምራል ማለት ነው። ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ታማሚ ይመስላል፤ ጋራዥ ገብቶም ያልታመመው ሁሉ ይፈታለታል። ክዳኑ ከመለዋወጫዎች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ሲሆን ሲታለፍ መታየቱ ያስገርማል። ከሌላ መኪና የተወሰደ ክዳን ወይም በጨርቅ ተጠቅልሎ የተወተፈ ክዳን ደግሞ ክዳን አይባልም።

ከፍታ ሌላም ጉዳት አለው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ቬንቲላተሩ ቢሽከረከርም በራዲያተሩ ላይ የሚያሳልፈው አየር ቀላል ስለሆነ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተርም ነዳጁን በሚገባ ለማቃጠል የሚበቃ አየር ስለማያገኝ ጥቁር ጭስ ይተፋል። «ጉልበት አነሰው» ተብሎ የናፍጣ ፓምፑ ሲከፈትለት የሚጨምረው ጉልበት ትንሽ፣ የሚጨምረው ጭስና ሙቀት ብዙ ነው።

ከጋራዥ ልማዶች ሁለቱ

በየጋራዡ ሥር ከሰደዱ ልማዶች አንዱ ሙቀት የሚሠራ መኪና ሲመጣ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው። ሐሳቡ ውሃው ያለ ገደብ ይዘዋወር የሚል ነው። ይሁን እንጂ በብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት በር አለው። ወደ ራዲያተር የሚወስደውን ሲከፍት ውሃውን በአቋራጭ ወደ ሞተር የሚመልሰውን ይዘጋል። ቴርሞስታቱ ሲወጣ ግን አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ ከትኩሱ ውሃ ከፊሉም ራዲያተሩን ሳይረግጥ ተመልሶ ወደ ሞተሩ ይገባል። ስለዚህ መድኃኒት ተብሎ የተደረገው ነገር በሽታውን ያባብሳል። የተበላሸ ቴርሞስታት የሚተካው በደህና ቴርሞስታት ነው። ደህና መሆኑን ለማወቅም በድስት ውሃ ውስጥ ከትቶ ውሃው ሲሞቅ መከፈቱን ማየት በቂ ነው።

ሁለተኛው ልማድ በመንገድ ላይ የተገኘውን ውሃ ሁሉ መጨመር ነው። የወንዝ ውሃ ጭቃ ያመጣል። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ የሚገኝ የጉድጓድ ውሃም ብዙ ጊዜ ማዕድን ስለሚበዛበት ጀበና ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ቅርፊት በሞተሩ ውስጥ ይጋገራል። ቅርፊቱ ሙቀት አያሳልፍምና መለኪያው ደህና ሲያሳይ እንኳ የሲሊንደሩ ግድግዳ ሊግል ይችላል። የሚመረጠው ለባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ከኩላንት ጋር እኩል ተቀላቅሎ ነው። ኩላንት የብርድ አገር ዕቃ ነው የሚለው አስተሳሰብ ስሕተት ነው፤ ዝገትን ይከላከላል፣ የመፍያ መጠኑንም ከፍ ያደርጋል። ካልተገኘ ተጣርቶ የተቀመጠ የዝናብ ውሃ ከጉድጓድ ውሃ ይሻላል።

ከመነሣት በፊትና በጉዞ ላይ

ሞተሩ ሳይሞቅ ማለዳ የሚደረግ የሩብ ሰዓት ፍተሻ ብዙ ያድናል። ውሃው ሙሉ መሆኑ፣ ቺንጋው አለመላላቱና አለመሰንጠቁ፣ ማኒኮቶዎቹ ሲጨበጡ አለመልፈስፈሳቸው፣ በፓምፑ ሥር የውሃ ምልክት አለመኖሩ ይታያል። የራዲያተሩ ክንፎች በአቧራ፣ በገለባና በነፍሳት ተደፍነው ከሆነ ውሃ የሚረጨው ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ነው፤ ከፊት ቢረጭ ቆሻሻው ጠልቆ ይገባል። በቬንቲላተሩ ዙሪያ ያለው የፕላስቲክ መከለያም አላስፈላጊ ጌጥ አይደለም። እርሱ ከሌለ ቬንቲላተሩ የሚስበው ከራዲያተሩ ያለፈውን ሳይሆን በአጠገቡ ያገኘውን አየር ነው።

ከጌጃ ሰፈር ወደ ጎጃም መስመር የሚወጣ ቫን የመጀመሪያ ፈተናው ሩቅ አይደለም። የከተማውን መጨናነቅ አልፎ ወደ እንጦጦ ትከሻ ሲወጣ የመለኪያው መርፌ ከተለመደው ቦታ ከፍ ካለ ወደ ኋላ መመለስ ይገባል። በሱሉልታ ዳገት የተጨነቀ ሞተር ከ180 ኪሎ ሜትር በኋላ ዓባይን አይወጣም። በተቻለ መጠን ጉዞው ማለዳ ተጀምሮ ከሸለቆው መውጣት የሚገባው ፀሐይ ሳይበረታ ነው። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ሲወረድ በከባድ ማርሽ መያዝ ፍሬኑን ያድናል።

ዳገቱን ሲወጡ ዋናው ነገር ማርሽ በጊዜ መቀነስ ነው። በአራተኛ ማርሽ እያቃሰተ የሚወጣ ሞተር ብዙ ነዳጅ ያቃጥላል፤ ፓምፑና ቬንቲላተሩ ግን ከሞተሩ ጋር ቀስ ብለው ስለሚዞሩ ሙቀቱን አያወጡለትም። በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ ሳይጮኽ ቀልጠፍ ብሎ ሲዞር ነዳጅ ሳይረገጥበት ይወጣል። መርፌው ከፍ ማለት ሲጀምር የመኪናውን ማሞቂያ በሙሉ መክፈት ጥቂት ሙቀት ከውሃው ይቀንሳል፤ ለተሳፋሪው ባይመችም። መርፌው ወደ ቀዩ ሳይደርስ ገለል ብሎ ማቆም ይገባል። በዚያን ጊዜ ውሃው ካልፈሰሰና ቺንጋው ካልተበጠሰ ሞተሩን ወዲያው አለማጥፋት፣ ያለ ጭነት ለጥቂት ደቂቃ ማዞር ይሻላል። ውሃው ከፈሰሰ ወይም ቺንጋው ከተበጠሰ ግን ያለ መዘግየት ማጥፋት ነው።

በትኩሱ ራዲያተር ክዳን ሳቢያ ፊታቸውና እጃቸው የተቃጠለ ሹፌሮችና ረዳቶች ብዙ ናቸው። ከግማሽ ሰዓት ያላነሰ ጊዜ መጠበቅ፣ ከዚያም በወፍራም ጨርቅ ይዞ እስከ መጀመሪያው እርከን ብቻ ማላላትና ግፊቱ እስኪወጣ መታገሥ ግዴታ ነው። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በአንድ ጊዜ መጨመር ቴስታታውን ይሰነጥቃል። ውሃው የሚጨመረው ሞተሩ በረድ ካለ በኋላ፣ በዝግታ እየዞረ፣ ጥቂት በጥቂት ነው። ሞተሩ እየዞረ በራዲያተሩ አፍ አረፋ ያለማቋረጥ ከወጣ፣ የሞተር ዘይቱ ወተት ከመሰለ ወይም ነጭ ጭስ ካላቆመ የቴስታታው ጋስኬት ተበልቷል። እንዲህ ያለ ቫን «እስከ ደብረ ማርቆስ ይድረስ» ቢባል በጋስኬት የሚያልፈው ጉዳት ቴስታታውን አጣሞ ቶርኖ ቤት ያስገባዋል፤ ምናልባትም ሞተር ያስለውጣል። ጭነቱን ወደ ሌላ ተሽከርካሪ ማዛወር ነው የሚሻለው። በተለይ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት ስላለበት በበረሃ የቆመ ቫን የበረዶ ሣጥኑን ዕድሜ እየበላ መሆኑን ሹፌሩም አብሮት የተላከውም ሠራተኛ ማወቅ አለባቸው።

የስምሪት ክፍል ድርሻ

ሹፌሩ አምስት ኩንታል ትርፍ ይዞ እንዲሄድ የሚያዘው ወረቀት የሚፈረመው በቢሮ ነው። በመጫኛ ትእዛዙ ላይ ከዕቃው ዝርዝር ጎን ጠቅላላ ክብደቱ በኪሎ ግራም ቢጻፍ፣ ቫኑ ከሚፈቀድለት በላይ ከሆነም ጭነቱ በሁለት ጉዞ ቢከፈል፣ የሁለተኛው ጉዞ ነዳጅ ዋጋ ከአንድ ሞተር ጥገና ጋር የሚወዳደር አይደለም። በጉዞ ማስታወሻውም ላይ ሹፌሩ በየቀኑ የጨመረውን ውሃ በሊትር የሚጽፍበት አንድ ዓምድ መክፈት ምንም ወጪ አይጠይቅም። በሳምንት ግማሽ ሊትር ሲጨመርለት የቆየ ቫን በድንገት በቀን አንድ ሊትር መጠጣት ከጀመረ ውሃው የሚሄድበት ቦታ አለ። ቦታው ተፈልጎ እስኪገኝ ድረስ ያ ቫን በከተማ ውስጥ ያገልግል፤ ወደ ዓባይ የሚወርደው ሌላው ይሁን።