ከአምባ ግሸን ወደ ዙፋን፦ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሕይወትና ቤተሰብ

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከዐፄ ዳዊት ታናናሽ ልጆች አንዱ ነበሩ። በ1399 እ.ኤ.አ. በፈጠጋር ተወለዱ፤ እናታቸው እግዚእ ክብራ ይባላሉ።

በዚያ ዘመን በፈረንሳይ የንጉሥ ታናሽ ልጅ ግዛት ይሰጠው ነበር፤ ዳግማዊ ዣን በ1363 ቡርጎኝን ለታናሽ ልጃቸው ለፊሊፕ ሰጥተዋል። በኢትዮጵያ ግን ልማዱ ሌላ ነበር። ለዙፋን የሚበቁ ወንዶች የሥልጣን ሽኩቻ እንዳያስነሡ ዙሪያውን ገደል በከበበው በአምባሰሉ አምባ ግሸን ላይ በጥበቃ ይቀመጡ ነበር። ዘርዐ ያዕቆብም በዚህ አምባ ኖረዋል።

ታላላቅ ወንድሞቻቸው ቴዎድሮስ፣ ይስሐቅና ተክለ ማርያም በየተራ ነገሡ። ይስሐቅ በ1430 ካረፉ በኋላ በአራት ዓመት ውስጥ አራት ነገሥታት ተፈራረቁ። በ1434 ዘርዐ ያዕቆብ ከአምባ ወርደው ዙፋኑን ያዙ፤ በ1436 በአክሱም ሥርዐተ ንግሥ ፈጸሙ። በ1445 የአዳሉን ሱልጣን በድላይን ድል ነሡ፤ ደብረ ብርሃንን ቆረቆሩ፤ «መጽሐፈ ብርሃን»ን ጨምሮ በርካታ ሃይማኖታዊ ድርሳናት በስማቸው ይታወቃሉ።

ቤተሰባቸው ግን በጥርጣሬ ታመሰ። በመጀመሪያ ሴት ልጆቻቸውን በየአውራጃው ሾመው ነበር። ኋላ ግን አንዳንድ ወንዶችና ሴቶች ልጆቻቸው ጣዖት አምልከዋል ተብለው ተከሰሱ፤ በጽኑ ተገርፈውም ሞቱ። ከሚስቶቻቸው አንዷ ጽዮን ሞገሳም ልጃቸውን በእደ ማርያምን ለማንገሥ አሢረዋል ተብለው ተገረፉ፤ በ1462 አረፉ። በእደ ማርያም ለእናታቸው መታሰቢያ ዕጣንና ጧፍ ለቤተ ክርስቲያን በመስጠታቸው የአባታቸው ቁጣ በእሳቸውም ላይ ነደደ። የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት አማልደው አባትና ልጅን አስታረቁ፤ በእደ ማርያምም ወራሽ ሆኑ።

ሌላዋ ንግሥት፣ የሐድያው ገዥ ልጅ እሌኒ፣ ልጅ ባይወልዱም የቤተ መንግሥቱ ዋና አማካሪ ለመሆን በቁ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1468 ሲያርፉ በእደ ማርያም ነገሡ፤ እሌኒንም እንደ እናት አከበሩ። እሌኒ በዘርዐ ያዕቆብ የልጅ ልጅ ልጅ በልብነ ድንግል ዘመን ሞግዚት ሆነው ወደ ፖርቱጋል መልእክተኛ ልከዋል።

አምባ ግሸን ወንድም በወንድም ላይ እንዳይነሣ የታሰበ መከላከያ ነበር። በአባትና በልጅ መካከል የገባውን ጥርጣሬ ግን ሊከላከል አልቻለም፤ ለዚያ የደረሰው የሽማግሌዎች ዕርቅ ነው።