ለወዳጅም ለጠላትም አንድ ቃል

የእሑድ ቅዳሴ ተፈጽሞ ቤተ ሰቡ በአንድ ገበታ ዙሪያ ሲሰበሰብ፥ ስለ ዕለቱ ስብከት መነጋገር በብዙ ክርስቲያን ቤት የቆየ ልማድ ነው። አባት የሰማውን ይደግማል፤ እናት የጎደለውን ታሟላለች፤ ልጆችም ይጠይቃሉ። ከልጆች ጥያቄ ሁሉ የሚከብደን ግን አንድ አለ፤ እርሱም፥ «አባታችን ዛሬ ይህን ያህል የገሠጹትን ኃጢአት ያ ባለጸጋ ሲሠራው ለምን ዝም አሉ?» የሚለው ነው። ልጁን ዝም በል ብንለው እውነትን እንዲንቅ እናስተምረዋለን፤ እውነትህን ነው ብለን ብንተወው ደግሞ ካህንን እንዲንቅ መንገድ እንከፍትለታለን። እኛም በገዛ ገበታችን ላይ ይህ ጥያቄ ደርሶብን፥ መልስ አጥተን እንጀራውን ብቻ የቆረስንበት ቀን ነበር።

ስለዚህ የቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅን ታሪክ በዚህ ጥያቄ በኩል ልንመለከተው ወደድን። በስሙ የሚጠራው ቅዳሴ ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ በመሆኑ ስሙ ለአንባቢዎቻችን እንግዳ አይደለም፤ ታሪኩም በስንክሳር ይነበባል። የውጭውን አገር ታሪክ ዘመን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን እናሳስባለን።

ዮሐንስ በአንጾኪያ ቄስ ሆኖ ሲያስተምር ሳለ የቁስጥንጥንያ መንበር በ397 ባዶ ሆነ። ለዚህ መንበር እርሱን የመረጠው ኤውትሮፒዮስ የሚባል የንጉሡ የአርቃድዮስ ጃንደረባ ነበረ። ይህ ሰው በባርነት ተወልዶ ከቤተ መንግሥቱ ሹማምንት ሁሉ በላይ የሆነ ኃይለኛ ነው። የአንጾኪያ ሕዝብ መምህሩን አልለቅም ብሎ እንዳይነሣ፥ ዮሐንስን በዘዴ ከከተማ አውጥተው ወሰዱት፤ በ398ም ተሾመ። እንግዲህ ሹመቱን ያገኘው በማን እጅ እንደ ሆነ አንባቢ ልብ ይበል። ብድር መላሽ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ባለ ዕዳው ይህ ጃንደረባ ነበር።

አዲሱ ጳጳስ ግን ተግሣጹን ከራሱ ቤት ጀመረ። የጳጳሱን ቤት የግብዣ ወጪ ቈርጦ ለድውያን ማረፊያ አደረገው፤ ከደናግል ጋር በአንድ ቤት የሚኖሩትን ካህናት ገሠጸ፤ በ401 ወደ ኤፌሶን ወርዶ ሹመታቸውን በገንዘብ የገዙ ስድስት ጳጳሳትን ሻረ። በምእመናን ላይ ብቻ የሚጮኽ ሰባኪ ብዙ ወዳጅ አለው፤ በካህናት ላይ የጀመረ ግን ጠላቱ በዙሪያው ይተኛል። በኋላ ዮሐንስን ከከሰሱት ሰዎች መካከል የገዛ ካህናቱ መገኘታቸው ስለዚህ አያስገርመንም።

ኤውትሮፒዮስ በኃይሉ ሳለ፥ ሰው ከመንግሥት ቍጣ ሸሽቶ በቤተ ክርስቲያን እንዳይማጸን የሚከለክል ሕግ አወጣ። ዮሐንስም የሾመውን ሰው ፊት ሳያይ ሕጉን ተቃወመ፤ ሀብቱና ክብሩ የሚያልፍ መሆኑንም ነገረው። በ399 ጃንደረባው ቆንስል የሚባለውን የሮም ታላቅ ማዕረግ ተቀበለ። በዚያው ዓመት ግን ጎታዊው የጦር አለቃ ጋይናስ ተነሣበት፤ ንግሥቲቱ አውዶክስያም ከሰሰችው፤ በአንድ ቀን ወደቀ። ያን ጊዜ የሸሸው ወዴት ነው? ራሱ በሕግ ወደ ዘጋው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሸሽቶ የመሠዊያውን እግር ጨበጠ።

ወታደሮች ሊወስዱት መጡ፤ ሕዝቡም ሞቱን ይሻ ነበር። ዮሐንስ ግን አልሰጥም አለ። በማግሥቱ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያኑን ሞልቶ ሳለ፥ ያ ትናንት የሚፈራው ሰው ከመሠዊያው ሥር ተኰራምቶ እየተንቀጠቀጠ ታየ፤ ጳጳሱም ስለ ዓለም ክብር ከንቱነት ሰበከ። የታሪክ ጸሐፊው ሶቅራጥስ፥ ዮሐንስ በወደቀ ሰው ላይ ተግሣጽ ጨመረበት የሚል ነቀፋ መኖሩን ጽፏል። እኛም ስብከቱ ጠንካራ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ስብከቱን የዘጋው ሕዝቡ ምሕረት እንዲያደርግና ንጉሡን እንዲለምን በማለት ነው። ጃንደረባው በሥልጣን ሳለ የነገረውንና ሲወድቅ የነገረውን ብናስተያይ ቃሉ አንድ ነው፤ ለብርቱው የተከራከረለት መማጸኛ ለደካማውም ተከፈተለት። ኤውትሮፒዮስ ከጥቂት ቀን በኋላ ከዚያ ወጥቶ ወደ ቆጵሮስ ተጋዘ፤ ኋላም ተመልሶ ተገደለ።

ከንግሥቲቱም ጋር እንዲሁ ሆነ። አውዶክስያ የሰማዕታትን ዐፅም በሌሊት በእግርዋ እየሄደች ባጀበች ጊዜ፥ ዮሐንስ በሕዝብ ፊት እጅግ አመሰገናት። ስንክሳር እንደሚተርከው የአንዲት መበለት ርስት በወሰደች ጊዜ ደግሞ ገሠጻት። የቤተ መንግሥት ሰዎች ይህን ወረተኛነት አሉት። እኛ ግን ወረተኛ የሚባለው ሰውን አይቶ ቃሉን የሚለውጥ ነው እንላለን፤ ሥራውን አይቶ የሚያመሰግንና የሚገሥጽ ወረተኛ አይደለም።

በ403 በኬልቄዶን አጠገብ የተሰበሰበ ጉባኤ ዮሐንስን ሻረው። የጉባኤው መሪ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቴዎፍሎስ መሆኑን ስንጽፍ፥ የማርቆስ መንበር ልጆች ነንና ብዕራችን ይከብደናል፤ ሆኖም የሆነውን መሸሸግ አይገባም። ዮሐንስ ተሰደደ፤ ሕዝቡ ስለ ታወከና ንግሥቲቱ ስለ ደነገጠች ወዲያው ተመለሰ። ብዙ ሳይቆይ የንግሥቲቱ የብር ሐውልት በቤተ ክርስቲያኑ አቅራቢያ ቆመና ዘፈኑና ጩኸቱ ጸሎቱን አወከ። ዮሐንስም፥ ከስደት በመመለሱ ውለታ ያለበት ሰው ሆኖ ሳለ፥ ዝም አላለም። (በዚያ ቀን ተናገረው እየተባለ የሚጠቀሰውን ስብከት ሊቃውንት የእርሱ አይደለም ይላሉና እዚህ አላመጣነውም።) በ404 እንደገና ተሰዶ ወደ አርመን ተራሮች ተወሰደ፤ ከዚያም ወደ ባሰ ሩቅ ቦታ ሲነዱት በ407 በመንገድ ላይ ዐረፈ።

ይሁን እንጂ ቅዱሳን ሁሉ በነገር ሁሉ አንድ ሚዛን ይዘው ነበር ብንል ታሪክን እናስቀይማለን። የሚላኑ ጳጳስ አምብሮስዮስ በ390 ያደረገው በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው፤ ንጉሡ ቴዎዶስዮስ በተሰሎንቄ ሕዝብን ባስፈጀ ጊዜ ንስሐ ካልገባህ አላቆርብህም አለው፤ ንጉሡም በሕዝብ ፊት ንስሐ ገባ። ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት ግን በኤፍራጥስ ዳር በምትገኘው በቃሊኒቆስ ክርስቲያኖች የአይሁድን ምኵራብ አቃጥለው ነበር። ንጉሡ የከተማው ጳጳስ በገንዘቡ እንዲሠራው ቢያዝዝ፥ አምብሮስዮስ ትእዛዙ ካልተሻረ ቅዳሴ አልጀምርም ብሎ አሻረው። የተበደለው ወገን ባዕድ ሲሆን ሚዛኑ ተዛባ ማለት ነው። አፈወርቅ ራሱም በ386ና በ387 በአንጾኪያ ስለ አይሁድ የተናገረው ቃል መራራ ነበር፤ ከእርሱ በኋላ የተነሡ ጠላቶቻቸውም መሣሪያ አድርገውታል። ይህን የምንጽፈው ቅዱሳንን ለመንቀፍ አይደለም። ከሁሉ የሚከብደው ፈተና ኃያልን መገሠጽ ነው ይባላል፤ እኛ ግን ከዚያ ይልቅ የሚከብደው የገዛ ወገን የበደለውን ባዕድ ተበድሏል ብሎ መመስከር ይመስለናል።

በአገራችንም ምስክር አናጣም። በ14ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዐምደ ጽዮን ከሕገ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ባገባ ጊዜ አባ አኖሬዎስና ባልንጀሮቹ መነኮሳት ገሠጹት፤ ተገረፉም፤ ተሰደዱም። ልጁ ዐፄ ሰይፈ አርዕድ በነገሠ ጊዜ ደግሞ አባታቸውን የገሠጹበትን ያንኑ ሕግ ጳጳሱ አቡነ ያዕቆብና የደብረ ሊባኖሱ አቡነ ፊልጶስ ለልጁ ነገሩት፤ እነርሱም ተሰደዱ። አዲስ ንጉሥ መጥቷልና ነገሩን እንተወው አላሉም።

በእኛ ዘመን ደግሞ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን አገራችን በተደረገው ጦርነት፥ በየወገኑ ያለች እናት፥ «ቤተ ክርስቲያን ለዚያኛው ልጅ ያለቀሰችውን ያህል ለእኔም ልጅ አልቅሳለችን?» ብላ ጠይቃለች። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ቅዱስ ሲኖዶስ የትግራይን ሕዝብ ይቅርታ መጠየቁ ጥያቄው በከንቱ የተነሣ እንዳልነበረ ያሳያል። ይቅርታው ዘገየ የሚሉ አሉ፤ እኛም ዘገየ እንላለን። ነገር ግን በገበታችን ላይ ለሚጠይቀን ልጅ፥ አባቶች ተሳስተናል ያሉበትን ቀን ማሳየት ቀድሞ ከነበርንበት ዝምታ እጅግ ይሻላል።

የዮሐንስ ነገር እንዲህ ተፈጸመ። በ438 የአርቃድዮስና የአውዶክስያ ልጅ ዳግማዊ ቴዎዶስዮስ የጳጳሱን ዐፅም ወደ ቁስጥንጥንያ አስመጣ። ንጉሡም በሕዝቡ ፊት ግንባሩን በሣጥኑ ላይ አኑሮ፥ አባቱና እናቱ ስላደረጉት በደል ይቅርታ ለመነ።