አሮጌው ፕሮግራም በአዲሱ ኮምፒዩተር ለምን እምቢ አለ?

ወርዱ 80 ፊደል፣ ቁመቱ 25 መስመር ብቻ የሆነ፣ ሥዕል የሌለው ስክሪን አይታችሁ ታውቃላችሁ? የዶስ ፕሮግራሞች መልክ ይህ ነበር። ከነዚህ አንዱ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1985 ለማይክሮ ኮምፒዩተር አዘጋጅቶ በነጻ ያሰራጨው ሲዲኤስ አይሲስ የተባለ የካታሎግ ፕሮግራም ነው። አዲስ አበባ በሚገኘው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ ሥልጠና ይሰጥበት ነበር፤ በአገራችን ቤተ መጻሕፍትም ተሠርቶበታል።

ታዲያ ያንን ፕሮግራም ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ስትከፍቱት በዚህ ኮምፒዩተር አይሠራም የሚል መልእክት ይመጣል። ብዙ ሰው ‹‹ተበላሽቷል›› ብሎ ያጠፋዋል። ጉዱ እዚህ ላይ ነው! ፋይሉ እኮ ምንም አልሆነም። የዶስ ፕሮግራም ባለ 16 ቢት ነው። በ32 ቢት ዊንዶውስ ውስጥ ዶስን የሚተካ ክፍል ነበረ። ፕሮሰሰሩ በ64 ቢት ሲሠራ ግን ያ ክፍል የሚደገፍበትን የቆየ የአሠራር ስልት አይፈቅድም፤ ስለዚህ ማይክሮሶፍት ተወው።

መፍትሔው ከ2002 ጀምሮ በነጻ የሚገኘው ዶስቦክስ ነው። በአዲሱ ኮምፒዩተር ውስጥ በሶፍትዌር የተሠራ አሮጌ ኮምፒዩተር በሉት፤ ፕሮሰሰሩን ሳይቀር ያስመስላል። መጀመሪያ ፎልደሩን ኮፒ አድርጉ። ከዚያ ‹‹ማውንት›› በሚለው ትእዛዝ ኮፒውን ሲ ድራይቭ አድርጋችሁ የፕሮግራሙን ስም መጻፍ ነው፣ አለቀ።

ካታሎጉ ሲከፈት ግን የአማርኛ መጻሕፍት ርዕስ በላቲን ፊደል ተጽፎ ብታገኙ አትገረሙ። የዶስ የፊደል ገበታ በተለምዶ 256 ቦታ ብቻ አለው፤ ግማሹን እንግሊዝኛው ይዞታል። የኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፣ እነ ሏና ቧ ሳይቆጠሩ። የት ይግባ? ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። በላቲን ደግሞ ሁሉም እንደመሰለው ይጽፋል፤ ደብረ ታቦርን አንዱ አንድ ቃል፣ ሌላው ሁለት ቃል ያደርገዋል። እኛ ጋዜጠኝነት የምንማር ሰዎች የድሮ ጽሑፍ ፍለጋ ስንገባ ሁለቱንም መሞከር አለብን።

ለነገሩ ዶስቦክስ ማስታገሻ ነው። ዋናው ሥራ መረጃውን ማውጣት ነው፤ ፕሮግራሙ ራሱ አይኤስኦ 2709 በሚባለው ቅርጽ ያወጣዋል። በዚህ ውስጥ ግን ርዕስም ደራሲም የሚለዩት በቁጥር ነው፤ የቁጥሮቹን ትርጉም የያዘው ኤፍዲቲ የሚባለው ሌላ ትንሽ ፋይል ነው። ቁጥሩን እያንዳንዱ ቤተ መጻሕፍት እንደፈለገ ይሰጥ ስለነበር ኮፒ ስታደርጉ እሱን እንዳትረሱት።