የሕጻናትን ሕይወት የሚታደገው ቀጭን ቱቦ ወደ ሳንባ እንዳይገባ ነርሶች ምን ያደርጋሉ?

እአአ በ1991 ነጻነቷን ያወጀችው የሶማሊላንድ ዋና ከተማ ሀርጌሳ፣ ድርቅ በበረታ ቁጥር በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕጻናትን ትቀበላለች። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በአፍሪካ ቀንድ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ሳይሳኩ ሲቀሩም የሆነው ይኸው ነበር።

እጅግ የተዳከመ ሕጻን ጡት ለመጥባትም ሆነ ከኩባያ ለመጠጣት አቅም ያጣል። ያን ጊዜ ነርሶች በአፍንጫው በኩል እስከ ጨጓራው የሚደርስ ቀጭን ቱቦ ያስገቡለታል። በባለሙያዎች ዘንድ 'ኤንጂ ቲዩብ' በመባል ይታወቃል።

ቱቦውን ማስገባት ደቂቃዎችን ብቻ ይወስዳል። ዋናው ጥያቄ ግን 'ጫፉ የት አረፈ?' የሚለው ነው። ጨጓራ ውስጥ ካረፈ ወተቱ ሕይወት ያድናል። ሳንባ ውስጥ ካረፈ ያው ወተት ሊገድል ይችላል።

ለምን በቱቦ?

በከፋ የምግብ እጥረት የተጎዳ ሕጻን ልቡም ይደክማል። ስለዚህ በደም ሥር ፈሳሽ መስጠት አደገኛ ሊሆን ይችላል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት 'ኤፍ-75' የተባለው ልዩ ወተት በየሁለት ወይም በየሦስት ሰዓቱ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጣል። ሕጻኑ በቅድሚያ በአፉ እንዲወስድ ይሞከራል፤ የቀረው በቱቦው ይገባል።

ቱቦው እንዴት ይገባል?

ነርሷ በመጀመሪያ ርቀቱን ትለካለች። ከአፍንጫ እስከ ጆሮ፣ ከዚያም በደረት አጥንት ጫፍና በእምብርት መካከል እስካለው ሥፍራ ለክታ ቱቦው ላይ ምልክት ታደርጋለች።

ጫፉን አለስልሳ በዝግታ ታስገባዋለች። እንቢ ካለ በኃይል አይገፋም። ሕጻኑ ካሳለ፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ቱቦው ወዲያውኑ ይወጣል።

ይሁን እንጂ አለማሳል ዋስትና አይሆንም። በጣም የደከመ ሕጻን ቱቦው ወደ መተንፈሻ አካሉ ቢገባም ላያስል ይችላል።

ድምፅ ብቻውን አያስተማምንም

ለዓመታት ነርሶች በስሪንጅ አየር እየነፉ፣ በማዳመጫ መሣሪያ ሆድ ላይ ድምፅ በመስማት ቦታውን ያረጋግጡ ነበር። ቱቦው ሳንባ ውስጥ ሆኖም ተመሳሳይ ድምፅ ሊሰማ ስለሚችል ይህ ዘዴ አስተማማኝ አይደለም።

የተሻለው መንገድ በቱቦው ፈሳሽ ስቦ የአሲድ መጠኑን በፒኤች ወረቀት መለካት ነው። 5.5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ጫፉ ጨጓራ ውስጥ መሆኑን ያመለክታል።

ገና የተወሰደ ወተት ወይም አሲድ ቀናሽ መድኃኒት ውጤቱን ሊያዛባ ይችላል። ፈሳሽ ካልተገኘ ወይም ልኬቱ ካጠራጠረ ቦታው በራጅ ይረጋገጣል።

ስህተቱ የድሃ አገራት ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ የጤና አገልግሎት፣ ቦታውን በሳተ ቱቦ መመገብ 'ፈጽሞ ሊከሰቱ አይገባም' ከተባሉ ስህተቶች መካከል እአአ ከ2009 ጀምሮ ተመዝግቧል።

ራጅ በማይገኝበት ሌሊት ግን የነርሷ ጥንቃቄ ወሳኝ ነው። ከእያንዳንዱ ምግብ በፊት ምልክቱ መንሸራተት አለመንሸራተቱን ታያለች፤ ፈሳሹንም ትመረምራለች። ጥርጣሬ ካለ ወተቱ አይሰጥም።

ሙያውን መልሶ መገንባት

በ1980ዎቹ መጨረሻ በነበረው ጦርነት ሀርጌሳ ስትወድም በርካታ የጤና ባለሙያዎች ተሰደዱ።

በብሪታኒያ ነርስነትና አዋላጅነት የተማሩት ኤድና አዳን እስማኤል በከተማዋ ያቋቋሙት ሆስፒታል እአአ በ2002 ሥራ ጀመረ። ከሕክምናው ጎን ለጎንም ነርሶችና አዋላጆችን ያሠለጥናል። ኤድና በ2023 የቴምፕልተን ሽልማትን አግኝተዋል።

እናቶች ምን ማድረግ ይችላሉ?

ቱቦ የገባለት ልጅ ተስፋ እንደሌለው አድርገው የሚፈሩ ወላጆች አሉ። ቱቦው ግን ጊዜያዊ ድጋፍ ነው። ሕጻኑ በተከታታይ ሁለት ጊዜ ድርሻውን በሙሉ በአፉ ከወሰደ ሊወጣለት ይችላል።

እስከዚያው ከልጇ የማትለየው እናት ናት። ማጣበቂያው ከላላ፣ ቱቦው ከተንሸራተተ ወይም የልጁ አተነፋፈስ ከተለወጠ ወተቱ ከመሰጠቱ በፊት ለነርሷ መንገሯ የልጇን ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል።